24 መጻሕፍት በአንድ ክረምት?

አትሸፍኚው፤ አይቼዋለሁ። ሻይሽን ላስቀምጥልሽ ጎንበስ ስል በትከሻሽ በኩል ዓይኔ ገባ። «የክረምት ንባብ» ብለሽ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈሽ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። ከሥሩ 24 መጽሐፍ። አዎ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ምን ላድርግ፣ የታላቅ እህት ዓይን አያርፍም። እስቲ ጠጋ በይልኝ፣ አጠገብሽ ልቀመጥ። ዳቦ ቆሎውንም ወደዚህ አምጪው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። ሐምሌ 30 ቀን፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5፤ ድምሩ 65። ከዚህ ላይ ሐምሌ 19ን ቀንሺ፤ ቂርቆስ ሰፈር ተቀምጠሽ በቂርቆስ ንግሥ ቀን ገጽ እገልጣለሁ ብትዪ እናታችን አትለቅሽም። ሐምሌ 22 ዑራኤል ነው፤ የካዛንቺስ ልጅ ሆነሽ ከዑራኤል አትቀሪም። ቡሄ አለ፣ የፍልሰታ ፍቺ አለ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ የቤት ጽዳት አለ። ቢበዛ 60 ቀን ቀረሽ። 24ቱ መጻሕፍት በአማካይ 250 ገጽ ቢኖራቸው 6,000 ገጽ ነው፤ በቀን 100 ገጽ ማለት ነው። ትናንት ማታ ስንት ገጽ አነበብሽ? አሥራ አንድ። ዕልባትሽ ያለበትን አይቻለሁ።

ዕልባት ስል ያቺን የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ማለቴ ነው። አትሳቂ፤ ቁም ነገር ነው። ዕልባት ድሮ በብራና መጻሕፍት ቅጠል ጠርዝ ላይ የሚታሰር ባለ ቀለም ክር ነበር፤ ካህኑ የዕለቱን ምንባብ ሳይፈላልግ እንዲያገኝ። ዛሬ ዜና ላይ «ችግሩ እልባት አገኘ» ሲሉ የምትሰሚው ያው ቃል ነው። ያንቺ 24 መጽሐፍ ግን ከአሁኑ እልባት ያጣ ይመስለኛል።

ዝርዝር አታውጪ አላልኩም። ይህ ሀገር ለመጽሐፍ ዝርዝር ክብር ያለው ሀገር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳትመዋል፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው በድጋሚ አወጡት። እሳቸው የመዘገቡት ግን ያለውን ነው። አንቺ የመዘገብሽው የምትመኚውን ነው። ያለውን መመዝገብ ሥራ ነው፤ የሚመኙትን መመዝገብ ግን ጎረቤት እንዲያይልሽ እንደተሰጣ ጥሬ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሩጠሽ ታነሺዋለሽ።

እኔ ይህን ከየት አወቅሁት? ከራሴ ውርደት። ባንቺ ዕድሜ እያለሁ 30 መጽሐፍ ደርድሬ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ያለቀልኝ አራት ነው፤ ግማሽ የደረሰልኝ ዘጠኝ። የሚያሳዝነው እሱ አይደለም። በመስከረም ካዛንቺስ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ አንባቢዎች ነበርን፤ ተራዬ ደረሰና ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልናገር ተነሣሁ። መጽሐፉን ያነበብሁት በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ እስኪጀምር ድረስ ነው። ቀሪውን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ ብዬ ተማምኛለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከው ዳግም ሲተላለፍ ነበር የሰማሁት፤ ያ ድምፅ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ራስሽ ያነበብሽው እስኪመስልሽ ድረስ ይጫወትብሻል። መጨረሻው የተተረከ ቀን ግን ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያችንን እየደበደበ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም። አንድ ሽማግሌ ከጥግ ተነሥተው «ለመሆኑ ጉዱ ካሳ መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉኝ። የሆነ ነገር ፈጥሬ መለስኩ። ሰዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም፤ ያ ነው የባሰብኝ። «ልጄ፣ ዝናብ ላይ ነበርሽ መሰለኝ» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጉዱ ካሳ ምን እንደሆነ ግን አልነግርሽም። አላነበብሽውማ።

ስለዚህ ሐምሌን ለእሱ ስጪው፤ ሙሉውን ሐምሌ። ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ በቀን 20 ገጽ ካልሽው ወሩ ሳያልቅ ይደርስልሻል። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደር ሆነው ለንደን በነበሩባቸው ዓመታት የደከሙበት መጽሐፍ ነው፤ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አስቢው፤ ሰውየው በለንደን ጭጋግ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ጎጃም መልከኛና ጭሰኛ፣ ስለ ቆሎ ተማሪ ሲጽፉ። ያንቺ የቂርቆስ ጭጋግ ምኑ ነው? አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የማታውቂው ቃል ይበዛብሻል። ጉልት፣ ምስለኔ፣ የመሳሰለው። አትዝለዪው። በእያንዳንዱ ቃል ላይም አትቁሚ፤ እሱም ንባቡን ይገድለዋል። በቀን ሁለት ቃል ብቻ ያዢና ማታ ከመዝገበ ቃላት ላይ ፈልጊው። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት፣ የ1962ቱ፣ የአጎታችን መደርደሪያ ላይ አለ። ከባድ ነው፤ እነ አጎታችን በር እንዳይዘጋ ይደግፉበታል። ንጠቂያቸው።

ነሐሴ ሌላ ጠባይ አለው። ፍልሰታ ገብቶ ቤቱ ፀጥ ይላል፤ ጠዋት ቁርስ የለ፣ ወጥ የለ፤ እስከ ቅዳሴ መውጫ ያለው ሰዓት ያንቺ ነው። ለዚያ ሰዓት የሚይዝሽ መጽሐፍ ይሻላል። ኦሮማይን ከዝርዝርሽ 17ኛ ላይ አይቼዋለሁ፤ ወደ ሁለተኛ አምጪው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትመው ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የዚያን ጊዜ ሰዎች መጽሐፉን ተደብቀው እየተዋዋሱ ያነበቡት ነው፤ ነገ ጠዋት ትመልሻለሽ ተብሎ ለአንድ ሌሊት ይሰጥ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺ ሁለት ወር ሙሉ አለሽ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፤ አሁን አማርኛ ከማያውቁት ጋርም ስለ እሱ መከራከር ትችያለሽ። መጀመሪያ ግን በአማርኛ አንብቢው፤ ታሪኩ የሚሆንባት የአስመራ ሽታ እዚያ ነው ያለው።

ትርጉም መጽሐፍም አንድ ይግባ። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን አውቀሽ ነው የጻፍሽው ወይስ ሽፋኑ አምሮሽ? ታሪኩን ስሚ። ነቢይ መኰንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን መጽሐፍ ለእስር ጓደኞቹ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት የለም፤ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ብልጭልጭ ወረቀት ላይ ነው፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ናቸው። የተፈቱ እስረኞች በየሲጋራ ፓኮው ውስጥ እየደበቁ አወጡለት፤ እሱ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ከየሰዉ ቤት እየዞረ ለመልቀም ብዙ ደከመ። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው ያረፈው። ይህን የምነግርሽ «ጊዜ የለኝም» ስትዪኝ ትዝ እንዲልሽ ነው። ደግሞ መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ለዚህ ክረምት ካልበቃ ለጥር ይቆይ። ማንም አያባርርሽም።

አሁን አንድ ጥያቄ። 24 ስም ጽፈሽ አንዲት የሀገራችን ሴት ደራሲ የለችበትም። አንዲት! እኔ ስሕተት አየሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። የስንዱ ገብሩን «የልቤ መጽሐፍ» ፈልጊ፤ የወጣው በ1942 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን ጊዜ ተግዘው የታሰሩ፣ በኋላም በ1950 ዓ.ም. ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። መጽሐፉን በገበያ ላይ ካጣሽው ወመዘክር ሄደሽ ጠይቂ፤ የሀገሩ መጽሐፍ የሚቀመጥበት ቤት ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ። የፀሐይ መላኩን «አንጉዝ» ወይም «ቋሳ»ን ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አታጪውም። ከ24ቱ ውስጥ ስድስት የወንድ ልብ ወለድ ሰርዘሽ ለእነዚህ ቦታ ስጪ። የትኞቹን? እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ የጓደኛሽ ወንድም ስላነበበው ብቻ የጻፍሽው እንዳለ ግን እጠረጥራለሁ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ተጨንቀሻል፤ ዳር ላይ የጻፍሽውን ድምር አየሁት። ለዚህ ክረምት ለሚበቁሽ አራት መጻሕፍት ይህን ያህል አያስፈልግሽም። ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ትያትር ባለው መንገድ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡትን አነጋግሪ። ጠዋት ሂጂ፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ያኔ ላስቲኩን ይጥሉበትና ምንም አታዪም። ካፌ ውስጥ ሻይ ስትጠጪ ክምሩን በክንዱ ተሸክሞ የሚመጣው አዟሪ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጠራልሻል፤ አትቆጪው፣ ቀኑን ሙሉ ያን ክምር ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነው። ተከራከሪ እንጂ አታንቋሺ። አንድ ነገር ግን፦ ፊደሉ የደበዘዘ፣ ወረቀቱ የቀጠነ፣ ሽፋኑ የሚላላጥ መጽሐፍ ከሰጠሽ ኮፒ ነው። ደራሲው ሳያውቅ የታተመ። አትግዢው። «ሞቷል እኮ» ብለሽ ደግሞ አታመካኚ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ነው፤ አንቺ የልጅ ልጅ እስክታዪ ድረስ ማለት ነው። አሮጌ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል። አሮጌው ላይ ቢያንስ የሆነ ሰው ስሙን ጽፎበት ታገኛለሽ።

ገንዘብ ካለቀብሽ ደግሞ በእግርሽ ሂጂ። ከካዛንቺስ ሽቅብ በቤተ መንግሥቱ በኩል አራት ኪሎ ብትወጪ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልሽ፤ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ የተከፈተው። ካፖርት ልበሺ። ዣንጥላ እንዳትረሺ ብዬ አልነግርሽም፤ ትረሺዋለሽ።

አሁን ወደ ንባብ ደብተርሽ እንምጣ፤ ያስቀመጠኝ እሱ ነው።

ይህ ባለ 100 ሉክ ደብተር ነው አይደል? ከፊት ገልጬ ባየው አትቆጪ። የመጀመሪያው ገጽ በሦስት ቀለም የተጻፈ ርዕስ። ሁለተኛው ገጽ ስለ አንድ መጽሐፍ ግማሽ ገጽ፤ ይህ ደግሞ ከጀርባ ሽፋኑ የተገለበጠ ነው፤ «አንባቢን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚይዝ» የሚለው ያንቺ አነጋገር አይደለም፤ አንቺ እንደዚህ አትናገሪም። ሦስተኛው ገጽ የአበባ ሥዕል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ባዶ። የመጨረሻው ጽሑፍ የጥር ነው። አልቀየምሽ፤ የኔም እንዲህ ነበር። ደብተር የሚሞተው ብዙ ጊዜ በሰነፍ እጅ አይደለም፤ ሁልጊዜ ቆንጆ ነገር ልጻፍበት በሚል ሰው እጅ ነው። ቆንጆው እስኪመጣ ሲጠበቅ ጥር ሐምሌ ይሆናል።

እንዲህ አድርጊ። መጽሐፉን ስትከፍቺ ቀኑን ጻፊ፤ በኛ አቆጣጠር። የት ሆነሽ እንዳነበብሽው ጻፊ፤ አልጋ ላይ ነው፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እናታችንን እየጠበቅሽ ነው፣ ለገሃር ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ያቆምሽበትን ገጽ ጻፊ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ አንድ ብቻ። «ዛሬ ፊታውራሪ መሸሻን ጠላኋቸው» ብትዪ በቂ ነው። «ደከመኝ፣ አልገባኝም» ብትዪም በቂ ነው፤ እንዲያውም ይሻላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የምትስቂበት እሱ ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ፣ በዚያው ቀን፣ ቡናውን ከመጠጣትሽ በፊት፣ አንድ ገጽ ጻፊ። ሌላ መጽሐፍ ሳትከፍቺ። ይህቺ የኔ ሕግ ናት፤ ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትጥዪው እንኳ ይቺን ያዢልኝ። ነገ እጽፋለሁ ያልሽው መጽሐፍ በሦስተኛው ቀን ከሌላው ጋር ይቀላቀልብሻል፤ የበዛብህን ሐዘን ለኦሮማይ ጋዜጠኛ ትሰጪና አንድ ሽማግሌ ከጥግ ይነሡብሻል።

ያ ገጽ ምን ይይዛል? ታሪኩን እንደገና አትተርኪው፤ እሱን መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። የት ቦታ ላይ ንባብ እንዳቆምሽና ለምን እንዳቆምሽ ጻፊ። የማን ንግግር በጆሮሽ እንደቀረ ጻፊ። ደራሲው የት እንደተሳሳተ ካሰብሽ ጻፊ፤ አትፍሪ። የሐዲስን መጽሐፍ አንዳንድ ቦታ ረዝሞብኝ ጽፌበታለሁ፤ አሁንም አልሰረዝኩትም።

ለምን እንደዚህ እንደምጨቀጭቅሽ ይገባሻል? ካዛንቺስ በነበረው ቤታችን በረንዳው የት ጋ እንደነበር አሁን ማን ያሳየኛል? በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ሰፈራችን ሲደርስ፣ ጎረቤቶቻችን ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ ሌላ ሌላ ቦታ ሲሄድ፣ እኛ ደግሞ ዘመድ ተጠግተን ወደ ቂርቆስ ስንመጣ፣ መጽሐፍ የጫንነው በማዳበሪያ ነው። አራት ማዳበሪያ። አንቺ ያን ቀን እቃ ስትሸከሚ ነበር፤ አላየሽም። ሁለቱ ማዳበሪያ በር ላይ አድሮ ዘነበበት። አንደኛውን በኋላ ለቁራሌው በኪሎ ሰጠሁት፤ ስንት ብር እንደሰጠኝ አልነግርሽም፣ ታዝኛለሽ። ከደብተሮቼ የተረፈችው አንዲት ነች፤ በከረጢቴ ውስጥ ስለነበረች። ውስጧ ላይ «ነሐሴ 9፣ በረንዳ ላይ፣ ዝናብ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ገጽ 212» የሚል አለ። ሌላም አለ፤ «ሐምሌ 27፣ ከጀርባ ያለው ጠጅ ቤት እየዘፈኑ፣ ገጽ 40፣ አልገፋ አለኝ»። ጠጅ ቤቱ የለም። በረንዳው የለም። አሁን በዚያ በኩል ስታልፊ ሰፊ መንገድና የእግረኛ ንጣፍ ነው፤ ያምራል፣ አያምርም አልልም። ግን የገጽ 212 በረንዳ በየትኛው የመብራት ምሰሶ ትይዩ እንደነበር ስፈልግ ደብተሯን አወጣለሁ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ» የመጣ ነው። ቤቶቹ ሄደው ስሙ ስንት ዓመት ቆየ አየሽ? የተጻፈና የተጠራ ነገር ከግድግዳ ይረዝማል። ዓለማየሁ ገላጋይ አራት ኪሎን በ«አጥቢያ» የያዘው እንደዚያ ነው፤ ለካዛንቺስ ደግሞ እንዲህ የሚጽፍላት እስኪመጣ ድረስ ያንቺ ደብተር አለ። አልቀለድኩም።

ታዲያ ደብተሩም መጽሐፉም ከዝናብ ይጠበቅ። እዚህ የምንኖርበት ቤት ግድግዳው ላብ አለው፤ ነሐሴ ላይ እጅሽን ብታሳርፊበት ይረጥባል። መደርደሪያሽን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጊው። ከወለል ከፍ። ከአልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ያስቀመጥሻቸውን ዛሬውኑ አውጪ፤ ሻጋታ ከዚያ ነው የሚጀምረው፣ አይጥም ካርቶን ትወዳለች። የድሮ ሰዎች የብራና መጽሐፋቸውን በቆዳ ማኅደር ከተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ለጌጥ አይደለም። አንቺ ማኅደር ባይኖርሽ በአሮጌ ካላንደር ሸፍኚው፤ ተማሪ ቤት እንደምትሸፍኚው። እርጥብ መጽሐፍ እሳት አጠገብ አታድርቂ፤ ጀርባው ይሰነጠቃል። ገጾቹን በተን አድርገሽ አቁመሽ ንፋስ ይምታው። መስከረም ፀሐይ ሲወጣ ሁሉንም በረንዳ ላይ አውጥተሽ ለግማሽ ቀን አናፍሺ። እና የበቆሎ እሸት እየጋጥሽ አታንብቢ። እባክሽ። ኦሮማይ ገጽ 60 ላይ ያለው ጥላሸት የማን ጣት ነው?

ሌላ ትንሽ ነገር። እንደ አጻጻፍሽ ከሆነ አንድ ቀን የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ትጠሪያለሽ፤ ደራሲውም ፈርሞ በነፃ ይሰጥሻል። ደስ ይላል። ግን ያ ፊርማ አፍ ይይዛል። ከተቀበልሽ በኋላ ስለ መጽሐፉ ስትናገሪ ቃላትሽ ሲለሳለሱ ይታወቅሻል። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኜ የማልወደውን መጽሐፍ በሰው ፊት አወደስኩ፤ ሁለት ሰው በኔ ቃል ገዛው። አንደኛዋ እስከ ዛሬ ሰላምታዋ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ተቀበዪ፣ አመስግኚ፣ ከዚያ ደብተርሽ ላይ «በስጦታ የተሰጠኝ» ብለሽ ከላይ ጻፊ፤ የምትናገሪው ሰውም ይህን ይወቅ። ካልወደድሽው ደግሞ ዝም ማለት ትችያለሽ። ዝምታ ውሸት አይደለም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ጳጉሜን ውስጥ አዲስ መጽሐፍ አትጀምሪ። አምስቱን ቀን ደብተርሽን ብቻ አንብቢ፤ ከሐምሌ 1 ጀምረሽ። አራት መጽሐፍ ቢሆንም፣ ሦስት ቢሆንም፣ እዚያ ላይ የተጻፈው ያንቺ ነው። የቀሩትን ርዕሶች ለበጋ አዛውሪያቸው። ያኔ ግማሾቹን ለምን እንደጻፍሻቸው ትረሺያለሽ፤ መተዋቸውም አያሳዝንሽም።

በመጨረሻው ሉክ ላይ ደግሞ «ያዋስኩት» የሚል ገጽ ክፈቺ። የመጽሐፉ ስም፣ የወሰደው ሰው፣ ቀኑ። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ የሚመልስ የባሰ ሞኝ የሚለውን ቀልድ ለሌላ ሰው ንገሪው። በኔ ደብተር ይህ ገጽ ሞልቷል፤ ካዛንቺስ የቀረ ሰው ስም አለበት፣ ውጭ የሄደ ሰው ስም አለበት። ከሁሉም በላይ ግን፣ በአንደኛ ተራ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ያልተሰረዘ ስም አለ፤ ያንቺ። ኦሮማይን እንዳነበብሽ፣ ገጽ 60ን በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ፣ መልሺልኝ።